«አይሆንም» ያለኝ ድረ ገጽ፦ ለአባባ የመድኃኒት ሙከራ ስፈልግ

ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ውሎዬ የሰው ወረቀት ነው፤ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የክስ ማመልከቻ፣ እስከ 2017 ደግሞ በየጥቅምቱ ዲቪ። ዲቪ ስሞላ ስለኖርኩ የፈረንጅ ፎርም አያስደነግጠኝም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። ዛሬ አስተያየት የምሰጥበት ነገር የፎርም ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ነው።

ነገሩ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ የሚባል ድረ ገጽ ነው። በሰው ላይ የሚደረጉ የሕክምና ሙከራዎች የሚመዘገቡበት ነው። የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሲሆን በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ እየሠራ ነው። ለመፈለግ ክፍያ የለውም፣ ስም ማስመዝገብም አያስፈልግም። ማንም ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከመንዝ በስልኩ ሊከፍተው ይችላል። እኔ የገባሁት በአባባ ምክንያት ነው።

አባባ ብርድ ልብስ ፋብሪካ 27 ዓመት ሠርቷል። ዝምተኛ ነበር። ጨዋ። ሰው ቤት ሲጋበዝ ሦስት ጊዜ ሳይለመን የማይጎርስ። በ2014 ዓ.ም. ገና 54 ዓመቱ ሳለ ጎረቤት ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ሳቀ። ፈገግታ አይደለም፣ ሳቅ። ከዚያ አጠገቡ ከተቀመጡት ሽማግሌ እጅ ንፍሮውን ወስዶ በላ። በማግስቱ የዕድሩ ዳኛ እቤት መጡ። «ምን ሆኑብን?» አሏት እማዬን። እማዬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ሻይ ውስጥ ሰባት ማንኪያ ስኳር መጣ። በሁዳዴ ሥጋ ካላመጣችሁ መጣ። እናቴ ስትታመም ዞር ብሎ አለማየት መጣ፤ ይሄኛው ነው ከሁሉም የከበደን። የሚገርመው ግን ምንም አይረሳም። የፋብሪካውን ሽፍት፣ የሁላችንን የልደት ቀን፣ የማን ሚስት የማን እህት እንደሆነች ያውቃል። ስለዚህ የመርሳት በሽታ ነው ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም። አንዱ አረቄ ነው አለ። አባባ አረቄ አይቀምስም። ሌላው መተት ነው አለ። ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ሱባዔ ገባን። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እዚያ እያለ እንቅልፉ ተስተካክሎ ነበር፣ ሰውም አልተሳደበም። ስንመለስ ግን ያው ሆነ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ድብርት ነው አለ። ሌላው ደግሞ አልዛይመር ነው ብሎ የአልዛይመር ኪኒን ሰጠን። ባሰበት። ሌሊት ሌሊት እየተነሳ በር ይደበድብ ጀመር። በኋላ እንደተነገረን ያ ዓይነት ኪኒን ለዚህ በሽታ አይጠቅምም፤ እንዲያውም አንዳንዱን ሰው ይብሱን ያበሳጨዋል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ይዘነው ሄድን። 130 ኪሎ ሜትር፤ ላምበረት መናኸሪያ ወርደን፣ ከዚያ በኮንትራት ታክሲ። ኤም አር አይ ተነሳ። የነርቭ ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ አሳየን። ከግንባር ጀርባና ከጆሮ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ሟሽሿል። በሽታው ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚነካው ትዝታን ሳይሆን ጠባይን ወይም ንግግርን ነው። «ብሩስ ዊሊስን ታውቂዋለሽ?» አለኝ ሐኪሙ። ቤተሰቡ በፈረንጆቹ የካቲት 2023 ይፋ ያደረገው ይሄንኑ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሱን ፊልም አይቶ አይጠግብም ነበር። አሁን ሲያየው ቻናል ይቀይራል።

በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ለጠባዩ ሰርትራሊን ታዘዘለት፤ እውነት ለመናገር ትንሽ አረጋግቶታል። ከቢሮው ስንወጣ ሐኪሙ የድረ ገጹን ስም በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ጻፈልኝ። «ውጭ አገር ሙከራዎች አሉ። ተስፋ እንድታበዢ አይደለም፣ እንድታውቂ ነው» አለኝ። ያቺን ወረቀት ላሚኔት አድርጌያታለሁ። ላሚኔት የማደርግበት ማሽን የራሴ ነው፣ ምን ቸገረኝ።

እንግዲህ ወደ ግምገማው። ያን ቀን ማታ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ገባሁ። ሕዳር 2017 ነበር፤ የደብረ ብርሃንን የሕዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋቢ ለብሼ፣ ዳታ ከስልኬ አካፍዬ ተቀመጥኩ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የበሽታውን ስም ትጽፋላችሁ፣ አገር ትመርጣላችሁ፣ ዝርዝሩ ይመጣል። የበሽታውን ስም ብቻ ስጽፍ የመጣልኝ ዝርዝር ረጅም ነበር። ልቤ ዘለለ። «ይሄ ሁሉ መድኃኒት እያለ ነው እንዴ የለም ያሉን?» አልኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነበር። እያንዳንዱ ሙከራ ጎን ላይ ሁኔታው ተጽፏል፤ እኔ አላነበብኩትም። ያለቀ አለ። ገና ያልጀመረ አለ። የተቋረጠ አለ። አንድ ደግሞ ሰው የሚያሳስት አለ፤ ሥራ ላይ ነው ግን አዲስ ሰው አይቀበልም የሚል። «ሥራ ላይ» የሚለውን አይቼ ሦስት ሌሊት የተከታተልኩት አንድ ሙከራ ነበር። ታክሲው ይሄዳል፣ ግን ሞልቷል፤ እንደዚያ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ «በመቀበል ላይ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ዝርዝሩ ወዲያው ይሳሳል። ያማል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ያ ሦስት ሌሊት የወሰደብኝ ሙከራ ላቶዚኔማብ የሚባል መድኃኒት ነበር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ማለትም ብዙ ሰው ላይ የሚሞከርበት ደረጃ ላይ የደረሰ፣ በየአራት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ፣ 96 ሳምንት የሚቆይ። ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ጂአርኤን የሚባለው ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ላይ ለውጥ ላላቸው ነው። እነዚህ ሰዎች ፕሮግራኑሊን የሚባል ፕሮቲን በደማቸው ያንሳል፤ መድኃኒቱ እሱን ከፍ ለማድረግ የታሰበ ነው። ሌሎችም አይቻለሁ። ትክክለኛውን ጂን ጉዳት በማያደርስ ቫይረስ ጭነው ከራስ ቅል ግርጌ ወዳለው ፈሳሽ የሚያስገቡ አሉ። በቀዶ ሕክምና ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል በቀጥታ የሚሰጡም አሉ። ይሄን ለእማዬ ስነግራት አማተበች።

አሁን የወደድኩት ክፍል። እያንዳንዱ ሙከራ ሥር ማን ሊገባ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል ተዘርዝሯል። ዕድሜ። የበሽታው ደረጃ። ኤም አር አይ መነሳት ይችላል ወይ። ከአከርካሪው ፈሳሽ ሊቀዳለት ይችላል ወይ። እና አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፦ በሽተኛውን በቅርብ የሚያውቅ፣ በየሳምንቱ በቂ ሰዓት አብሮት የሚያሳልፍ፣ ቀጠሮ ላይ አብሮት የሚመጣ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሐኪሞቹ ስለ ጠባዩ የሚጠይቁት እሱን ነው። ምክንያቱም አባባን ብትጠይቁት ደህና ነኝ ይላል። የዚህ በሽታ ተንኮል ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሽተኛው መታመሙን አያውቅም።

ይሄን አንብቤ ቤት ውስጥ ጥያቄ አነሳሁ። አባባን በደንብ የሚያውቀው ማነው? ሁላችንም እኔ ነኝ አልን። ከዚያ ሰዓት ስንቆጥር ማንም የለም። እማዬ ገበያ፣ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ፣ እኔ ሱቅ። አባባ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥንና ከስኳር ዕቃ ጋር ነበር። ሙከራው ውስጥ ሳንገባ ፎርሙ ብቻ አጋለጠን። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሱቅ ይዤው እመጣለሁ። የስኳር ዕቃውም ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ገባ።

ለሦስት የሙከራ ማዕከሎች ኢሜይል ጻፍኩ። ስማቸውን አልጠራም። አንዱ እስከ ዛሬ አልመለሰም። አንዱ ከሁለት ወር በኋላ ምዝገባው ተዘግቷል አለኝ፤ ድረ ገጹ ላይ ግን ያኔም ክፍት ይል ነበር። መረጃውን የሚያስገቡት ሙከራውን የሚያካሂዱት ራሳቸው ናቸው፣ ቶሎ ካላደሱት ያረጃል። ሦስተኛዋ አስተባባሪ ግን በአራተኛው ቀን መለሰች። ረጅም፣ ትሁት፣ ግልጽ መልስ። አባባ መግባት አይችልም። አንደኛ፣ የጂን ምርመራ የለውም። ሁለተኛ፣ ቀጠሮው ብዙ ስለሆነ ለማዕከሉ ቅርብ መኖር አለበት። ሦስተኛ፣ ከሙከራው በኋላም ለዓመታት ክትትል አለ። ቪዛውን አላነሳችም። ዲቪ ስሞላ ለኖርኩ ሰው እሱን መንገርም አያስፈልግም።

አለቀስኩ። ከዚያ ቀለል አለኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ይድናል»፣ «ይሻለዋል»፣ «ይሄን ብቻ ሞክሩ» ስንባል ኖረናል። ሁሉም እሺታ ገንዘብ አስከፍሎናል። ጥርት ያለ፣ ምክንያቱ የተጻፈበት፣ ነጻ «አይሆንም» ያገኘሁት ከዚህ ነው። አራት ኮከብ ስሰጠው ዋናው ምክንያቴ ይሄ ነው።

የጂኑ ነገር ግን ቤታችንን አነቃነቀ። ይሄ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ግልጽ የዘር መነሻ የለውም። የሚተላለፍባቸው ቤተሰቦች ግን አሉ። በብዛት የሚጠቀሱት ሦስት ጂኖች ናቸው፦ ሲ9ኦአርኤፍ72፣ ጂአርኤን እና ማፕት። አንዱ ካለ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማለትም የአባባ ደም ሲመረመር የእኔና የወንድሜ፣ የእህቴም ደም አብሮ እንደተመረመረ ያህል ነው። አያታችንም ሳይሸመግሉ «አእምሯቸው ተነካ» ተብለው ነበር የሞቱት፤ ያኔ ማን ስም ሰጠው።

እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። እዚያ የጂን አማካሪ አለ፤ ከምርመራው በፊት ቁጭ ብሎ የሚያወያይ። ወንድሜ ደግሞ «እኔ አልፈልግም፣ ካወቅኩ እንዴት እተኛለሁ?» አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። መድኃኒት የማይሰጡ፣ ዝም ብለው ሰውን ዓመት ዓመት የሚከታተሉ ጥናቶችም አሉ። በአሜሪካና በካናዳ የሚካሄደው ኦልኤፍቲዲ አንዱ ነው። እዚያ የሚገባ የቤተሰብ አባል የራሱን የጂን ውጤት የማወቅ ግዴታ የለበትም። እህቴ ስለ እሱ እያጣራች ነው። እኔ? ገና አልወሰንኩም። ሱቅ ስዘጋ ቁልፉን የት እንዳደረግኩ በረሳሁ ቁጥር ግን ልቤ ይመታል፤ ይሄ በሽታ በመርሳት እንደማይጀምር እያወቅኩም።

ስለ ደላላው ልናገር፤ ለዚህ ድረ ገጽ ትልቁን ነጥብ ያስገኘለት እሱ ነው። በቴሌግራም አንድ ሰው አገኘን። ውጭ አገር ሙከራ አለ፣ በስቴም ሴል አንጎል የሚያድስ፣ ቦታ ሦስት ብቻ ቀርቷል። መመዝገቢያ 15,000 ብር። አጎቴ በግ ሊሸጥ ተነሳ። ሰውየው እንድናምነው የሙከራውን ቁጥር ላከ። እያንዳንዱ ሙከራ ድረ ገጹ ላይ የራሱ ቁጥር አለው፤ ኤንሲቲ ይልና ስምንት አኃዝ ይከተላል። ቁጥሩን አስገባሁት። ወጣ። የጉልበት ሕመም ጥናት ነው። ያለቀ። እሱም ሌላ አገር። ፕሪንት አድርጌ ለአጎቴ ሰጠሁት። እንግሊዝኛ አያነቡም፣ ግን የጉልበት ሥዕል ስልኬ ላይ ፈልጌ አሳየኋቸው። «ጉልበቴንስ ያሻለው ነበር» አሉና በጎቹን ወደ ግቢ መለሱ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ቁጥር አለው ማለት ታማኝ ነው ማለት አይደለም። ድረ ገጹ ራሱ ይጽፈዋል፤ እዚህ መመዝገቡ ብቻ የአሜሪካ መንግሥት ሙከራውን መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም። በሽተኛውን ለሙከራው መድኃኒት ገንዘብ የሚጠይቅ ካያችሁ ቆም በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛ ሙከራ ለሚሞከረው መድኃኒት አያስከፍልም፣ ከመፈረም በፊት ጉዳቱንም ያስነብባል፣ በፈለጉት ቀን ጥሎ መውጣትም ይቻላል። ብዙ ሙከራዎች ላይ ከተሳታፊዎቹ የተወሰኑት ደግሞ መድኃኒት የሌለው ነገር ነው የሚሰጣቸው፤ ፕላሲቦ ይሉታል። ማን የትኛውን እንደወሰደ ብዙ ጊዜ በሽተኛውም ሐኪሙም አያውቁም። ይሄን ስነግራት እማዬ «ታዲያ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ውኃ ሊወጋ?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ኢትዮጵያንም መርጬ ፈልጌያለሁ፣ እንዴት አልፈልግም። ለዚህ በሽታ የመድኃኒት ሙከራ አልመጣልኝም። አገራችን ሙከራ አታውቅም ማለት ግን አይደለም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ላይ የተደረገው ስትሪም የሚባለው ሙከራ ኢትዮጵያንም ያካተተ ነበር። እዚህ ሙከራ ለማካሄድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማለፍ፣ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። መንገዱ አለ ማለት ነው። መኪናው ነው ያልመጣው።

አንድ ኮከብ ለምን ቀነስኩ? ቋንቋው። እንግሊዝኛው የሐኪም እንግሊዝኛ ነው። እኔ ፎርም ሞልቼ የኖርኩት ሴት እንኳ የመግቢያ መስፈርቱን አንድ ገጽ ለመረዳት አንድ ሌሊት ፈጅቶብኛል። ለእማዬ ደግሞ ግድግዳ ነው። ሌላው፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን አድራሻዎች ሳይ ሁሉም ከባሕር ማዶ ነው። ይሄኛው የድረ ገጹ ጥፋት ስላልሆነ ኮከብ አልቀነስኩበትም።

ጥቅምት 2018 ላይ ያ የቀናሁበት የላቶዚኔማብ ሙከራ ውጤት ወጣ። ፕሮቲኑን ከፍ አድርጓል። በሽታውን ግን አላዘገየውም። ዜናውን ያነበብኩት የሰው ፎርም እየሞላሁ ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ፎቶዋ ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ፊቴ ተለዋውጦ ኖሯል። ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ ክንዳቸውን ለዘረጉት ሰዎች አዘንኩ። አባባ እዚያ አለመሄዱን ደግሞ… እንጃ።

አባባን ስለ ሙከራው አንድ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የሚፈርመው እሱ መሆን አለበት ብዬ። «አባባ፣ ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ቢሞክሩብህ እሺ ትላለህ?» አልኩት። አሰበ። «ሻይ አለ እዚያ?» አለኝ።

አሁን ሱቅ ውስጥ ከኮፒ ማሽኑ ጎን በርጩማ አለው። ማሽኑ ሲሞቅ እጁን ያሞቅበታል። ሰው ሲገባ አንዳንዴ ያልሆነ ነገር ይናገራል፤ ደንበኞቼ ለምደውታል፣ ያልለመዱት ሌላ ቤት ሄደዋል። መቁጠር ይወዳል። ይሄም ከበሽታው ነው፣ አንድ ነገር መደጋገም። ስለዚህ ወረቀት እሰጠዋለሁ። አንድ ደስጣ 500 ቅጠል ነው። አንድ ሳይስት ይቆጥራል፣ አስተካክሎ ያስቀምጣል፣ ሌላ ይጠይቃል። በፋብሪካው ዘመን ብርድ ልብስ እንዲህ ሳይቆጥር አልቀረም።

ትናንት አዲስ ደስጣ ከፍቼ ሰጠሁት። ጨርሶ «498» አለኝ። «ተሳስተሃል አባባ» አልኩት። ዝም አለ። ደንበኛው ሲወጣ ራሴ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 498 ነው።